እናቶች ያልገቡበት የእናቶች ቤት

ሰኞ

ትራሱ ሁለቴ ወለቀ። ሁለተኛው ከአልጋው ልወርድ ስል ነው፤ ቀድሞኝ መሬት ደረሰ። ሲስተር ለሊሴ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር። «እሰይ! ያለ ምጥ ተገላገልክ» አለችኝ።

ኋላ ሳነበው ራሴም እንዳልደነግጥ ላብራራው። እኔ ነቀምቴ የሙያ ኮሌጅ ውስጥ የቤት ዕቃ ንድፍ አስተማሪ ነኝ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ቁም ሣጥን። አሁን ሐምሌ ነው፣ ተማሪ የለም። አንድ የጤና ፕሮጀክት ጠርቶ ሥራ ሰጠኝ። ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አዲስ ቤት ተሠርቷል። መንደራቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እንዲሰነብቱበት ነው፤ ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው። ቤቱ ያምራል። ግድግዳው ሮዝ ነው። ግን ከተመረቀ ወዲህ አንዲት ሴት አልሰነበተችበትም። «ለምን እንደማይገቡ አጥና፤ በቀላሉ የሚስተካከለውንም አስተካክል» ተባልኩ።

ሥልጠና ሰጥተውናል። ዋናው ትምህርት፦ ለሰው ከመንደፍህ በፊት በዚያ ሰው ቦታ ሆነህ እየው። ይህንን ለሲስተር ለሊሴ ነገርኳት። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። ቀልዷ እንደ መርፌዋ ነው፣ ሳታስጠነቅቅ ትወጋለች። «በእነሱ ቦታ? ቶሌ» አለች። ቶሌ እሺ ማለት ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ማስፈራሪያ ይመስላል። ትራስ፣ በቆሎ ያለበት ከረጢትና ሰፊ መቀነት ይዛ ተመለሰችና ሆዴ ላይ አሰረችብኝ።

ከሰዓቱን መውለጃ ወሯ እንደ ገባ ሴት ሆኜ ዋልኩ። ያየሁት፦

አልጋው። የሆስፒታል አልጋ ነው፣ ወገቤ ድረስ ይመጣል። ለመውጣት መንደርደር ያስፈልጋል። ለመውረድ እምነት።

ምድጃው። ከፍ ብሎ በሲሚንቶ የተሠራ ነው። ሆዴ ቀድሞ ስለሚደርስ እጄ ድስቱ ጋ አይደርስም።

መጸዳጃው። ግቢው ጥግ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በሽቦ አጥሩ ሥር ያልፋል፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የባጃጅ ተራ አለ። ሆዴን ይዤ ሳልፍ ሾፌሮቹ በሙሉ ዞረው አዩኝ። ከዚያ አንዱ፣ በፍጹም ትሕትና፣ «ኦቦ፣ ወርዎ ገባ እንዴ?» አለኝ።

ማክሰኞ

እናቴ በጠዋት ደወለች። ወሬው ነቀምቴ ገብቷል።

«ሄኖኬ፣ ሆድህ ተነፋ አሉኝ። ጉበትህን ነው? አትደብቀኝ።»

ሁሉንም አስረዳኋት። «ታዲያ ሚስት አግብተህ እሷን ብትጠይቅ አይቀልም ነበር?» አለች።

ዛሬ የእርግዝና ክትትል ቀን ነው፤ ሴቶቹ ከየገጠሩ መጡ። ትራሴን ፈትቼ፣ በጨዋ ደንብ፣ ቤቱን እያሳየሁ ጠየቅኳቸው። ሁሉም ወደዱት። «ባዬ ጋሪ ዳ»፣ በጣም ጥሩ ነው። ግድግዳው ጥሩ ነው። አልጋው ጥሩ ነው። ምድጃው፣ አምላክ ይባርካችሁ፣ ጥሩ ነው። ቀንሽ ሲደርስ ትመጫለሽ? «ዋቀዮ ካለ»፣ እግዜር ካለ ማለት ነው።

ደስ ብሎኝ ለሲስተር ነገርኳት። «ዋቀዮ ካለ ማለት አልመጣም ማለት ነው» አለችኝ። «እንግዳ ነህ፤ ጎረምሳ ነህ። ቤትህ አስጠላን ይሉሃል እንዴ?»

ከሁሉም ያሳሰበቻት አንዲት ልጅ ናት። ሰአዳ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ከኪራሙ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ ከአማቷ ጋር ወንዙ ማዶ፣ በዘመድ ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። ባሏ ሙሔ በሰው ማሳ አረም ሊያርም ርቆ ሄዷል። አምና በክረምት ምጥ ሲይዛት ወንዙ ሞልቶ ነበር። በቃሬዛ ዳር አደረሷት፤ መሻገር አልተቻለም። ልጁ እዚያው ዳር ላይ ተወለደ፣ እዚያው አረፈ። ዘንድሮ ደግሞ የደም ግፊቷ ከፍ ከፍ ማለት ጀምሯል። ሲስተር ዛሬውኑ እንድትቀር ለመነቻት። ሰአዳ አማቷን አየች። አማቷ እማማ ዘይነባ ቤቱን ከሩቅ አየት አድርገው፣ «አይሆንም» አሉ። ምክንያት የለም። ሻርፓቸውን አጣፍተው ልጅቱን ይዘው ሄዱ።

ሲስተር ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። እስካሁን ያላሳቀችኝ የመጀመሪያው ከሰዓት ነው።

ረቡዕ

ጠዋት አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ቅቤ የተነከረ መርቃ አቀረበችልኝ፤ ገንፎ ነው። ጾም ነው አልኩ። ሲስተር ከወዲያ ማዶ፣ «ነፍሰ ጡር አትጾምም!» ብላ ጮኸች። ካርድ ክፍል የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መርቃው ቀረብኝ፤ ወሬው ግን አልቀረልኝም።

ከዚያ በሲስተር ሞተር ተፈናጥጬ ወደ እማማ ዘይነባ ሄድን። ከወንዙ በኋላ በእግር ነው። የእንጨት ድልድዩ ላይ ውኃው ሊደርስ አንድ ክንድ አይቀረውም። ሲስተር እያየችው ተሻገረች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ።

እማማ ዘይነባ ጥሩ አድርገው ተቀበሉን። እርጎ ሰጡን (ረቡዕ መሆኑን ለሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩ)። ቤቱን አልጠየቅኳቸውም። ከትናንቱ ተምሬያለሁ። ስለ ሰአዳ እንቅልፍ፣ ስለ ወገቧ፣ ማን ገንፎ እንደሚያገነፋላት ጠየቅኳቸው። ሲያወሩ ሲያወሩ፣ በመጨረሻ ራሳቸው አመጡት፦

«ልጄ፣ አንተ ደግ ትመስላለህ። እስቲ ንገረኝ፤ ሰአዳ ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም! ማን አጠፋች አለ?»

«ታዲያ ምን በወጣት ነው ማረፊያ ቤት የምትገባው?»

ሲስተርና እኔ ተያየን። በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ! አማርኛው «የእናቶች ማረፊያ ቤት» ይላል። ስንቴ በሥሩ አለፍኩ! ማረፊያ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ያለው ነው። የወንድማቸው ልጅ በድንበር ተጣልቶ ገብቶበት ያውቃል፤ ስንቅ ያደረሱለት እሳቸው ናቸው።

ሳቄን ዋጥኩት፤ ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም። «ትናንት እንኳ ዘበኛው ከረጢቴን ፈተሸው። ማንን ፈልገሽ ነው አለኝ። መጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም አለኝ። ይሄ እስር ቤት ካልሆነ ምንድን ነው?» አሉ። ስሙ ብቻ አይደለም፤ ዘበኛውም አግዟል።

ልንነሣ ስንል ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ፣ «እሺ እሷስ ገባች እንበል። እኔ የት ልተኛ ነው? አምና እጄን ይዛ ነው… ብቻዋን አልሰዳትም፣ ወላሂ» አሉ።

ሰአዳ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈለቅቃለች። አማቷ ይህን ሲሉ ግን እጇ ቆመ።

አራት አልጋ ገዝተው ደረደሩ። አራት ሴት ብቻ አሰቡ። ሴት ግን ብቻዋን አትመጣም። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ትራስ አስሬ ስንከላወስ አልታየኝም፤ ትራሴ አማት የለውማ።

ሐሙስ

ታፔላውን አወረድኩት። በምትኩ ራሴ አዲስ ሳልኩ። ማንበብ የማትችልም እንድትረዳው ብዬ ፊደል አላደረግኩበትም፦ ጣሪያ፣ በጣሪያው ሥር ሆዷን በሁለት እጇ የያዘች ሴት። ፊቷ በተለይ ሰላማዊ ነው። ኮራሁበት።

ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ፊት ወንዶች ተሰልፈው አገኘሁ። ሽማግሌ ይበዛባቸዋል። አንዱ ጨጓራ። አንዱ ኮሶ። አንዱ ከትናንት ወዲያ የበላው ሥጋ። «የሆድ ሐኪም መጣ ተባልን» አሉ። ጠጉሯን አሳጥሬ ነው የሳልኩት፤ ሆዱን የሚያመው ሽማግሌ መስላለች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ አስጠሩኝ። ቁጡ አይደሉም፤ የሚተነፍሱት ግን ጮክ ብለው ነው። «ሄኖክ፣ እናት አምጣ ብዬህ አባት አመጣህብኝ» አሉ። ታፔላው ወረደ። ለጊዜው በሩ ስም የለውም። ምናልባት ስም ባይኖረው ይሻላል።

የጨጓራውን ሰውዬ ሲስተር አክማ ሸኘችው። ባዶ እጁን አልሄደም ለማለት ያህል።

ዓርብ

የዛሬ ሽንፈቶች፦

የአልጋዎቹን እግር ላሳጥር ፈቃድ ጠየቅኩ። ኦቦ ገመቹ አይሆንም አሉ፤ «ሙሉ አልጋ ተረክቤ ግማሽ አልጋ ላስረክብ?»

ወደ መጸዳጃው የሚወስደውን መንገድ ከባጃጅ ተራው ለመከለል አጥሩ ላይ ትልቅ ሸራ ወጠርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሣ። ሸራው ተነቅሎ በረረና አንድ ባጃጅ ከነሾፌሩ ሸፈነ። ሾፌሩ ከውስጥ ሆኖ ጥሩንባ ይነፋል። ልጋርደው ያሰብኩትን ሰው በእርግጥ ጋርጄዋለሁ፤ የማይካድ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ያ ወርዎ ገባ ያለኝ ሰው ነው፣ ቶለሳ ይባላል። ለምን እንደወጠርኩ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «በእኛ ምክንያት ነው ሴቶቹ የማይመጡት?» በእናንተም ጭምር አልኩት። ጓደኞቹን ጠርቶ በኦሮምኛ ብዙ አወሩ። ያዝኩት የምለው አንድ ቃል ነው፦ ቀርከሃ።

ትንሽ ድል፦ ዘበኛውን ከሲስተር ጋር አነጋገርነው። ክፉ ሰው አይደለም። ፈትሽ ተብሎ ነው የሚፈትሸው። ከአሁን በኋላ እናቶችን «ባጋ ነጋን ዱፍተን» ብሎ እንዲቀበል ተስማማን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ነው። ለሙከራ እኔን ተቀበለኝ። ከረጢቴን ግን ከልማድ ፈተሸው።

ቅዳሜ

ቶለሳና ጓደኞቹ ቀርከሃ በባጃጅ ጣሪያ ላይ ጭነው መጡ። እስከ ምሳ አጥሩን በቀርከሃ ሸፍነው ጨረሱ። በግቢው ውስጥ ስሄድ ማንም አላየኝም። ቅር ያለኝ መሰለኝ፣ ለምጄው ነበር።

ለአልጋውም መላ ተገኘ። በሁለተኛው ክፍል ግድግዳውን ተከትለን መደብ ሠራን፤ ዝቅ ያለ፣ ሰፊ፣ ከታች እንጨት፣ ከላይ ፍራሽ። ነፍሰ ጡሯ ትቀመጥና ትጋደማለች፣ መንደርደር የለም። አጠገቧም አማት ትተኛለች። ውጭ፣ ክፈፉ ሥር፣ ቁጭ ተብሎ የሚገነፋበት ዝቅ ያለ ምድጃ አበጀሁ። ሲስተር ትራሱን እንደገና አሰረችብኝ። ተቀመጥኩ። ተጋደምኩ። ተነሣሁ። ትራሱ አልወለቀም።

እንደ ንድፍ አስተማሪ ልናገር፦ ዓመቱን ሙሉ ተማሪዎቼን አዲስ ነገር አምጡ እያልኩ ስጨቀጭቅ ከርሜ፣ ይኸው መደብ ሠራሁ። ተማሪዎቼ ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

እሑድ

ዝናብ። ከጠዋት እስከ ማታ። ሲስተር ከቸርች ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር መጣች። ሁለታችንም ስለ ድልድዩ ነው የምናስበው፤ ሁለታችንም አላነሣነውም። ስለ በቆሎ ዋጋ አወራን።

ሰኞ

መጡ!

ድልድዩ ችሏል፤ ሲስተር ለእርስዎም መተኛ አለ ብላ ልካባቸው፣ በጠዋት ወንዙ ድረስ ሄዳ አመጣቻቸው። እማማ ዘይነባ «ልናይ እንጂ ልንቀር አይደለም» አሉ፣ ግን የገብስ ዱቄት፣ ምጣድና አንዲት ዶሮ ይዘዋል። ለማየት ብቻ የመጣ ሰው ዶሮ ይዞ አይመጣም ብዬ በልቤ ተስፋ አደረግኩ።

ዘበኛው ተነሥቶ ተቀበላቸው። ዶሮዋን ግን ምን እንደሚያደርጋት አላወቀም።

እማማ ዘይነባ ቤቱን መረመሩ። ግድግዳውን አንኳኩ። ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብለው አጎነበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ጥሩ ናት።» ይህ ጥሩ ከማክሰኞው ጥሩ ጋር አንድ አይደለም፤ በጆሮዬ ለየሁት። ከዚያ፣ «እስቲ መደቡን» ብለው ጋደም አሉ። «ጠንካራ ነው። ይሁን። ለወገብ…»

ቀጣዩን እንጠብቃለን። የለም። እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ መጥተው፣ ስንት ሌሊት ነቅተው ኖሮ! ማንኮራፋት ጀመሩ። ሰአዳ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሲስተር ግፊቷን እየለካች፣ «ቀስ! ሳቅ ቁጥሩን ያበላሸዋል» አለቻት። ባሰባት።

ሲነቁ መሽቷል። «እንግዲህ ዛሬን እንደር» አሉ፣ እኛ የለመንናቸው አስመስለው።

ማክሰኞ

ጦርነት አለ። እማማ ዘይነባ መስኮቱ ብርድ ያስገባል ብለው በሸራዬ ከደኑት። ሲስተር ገባችና አነሣችው፣ አየር ያስፈልጋል አለች። ወጣች። ተከደነ። ተመልሳ መጣች። ተነሣ። ከዚያ እማማ ዘይነባ ክፍል ውስጥ እሳት ይነድ አሉ፤ «እሳት ያልሞቀች ወላድ ምን ወላድ ናት?» ሲስተር በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰች። እማማ ዘይነባ ኦሮምኛ አሳምረው ያውቃሉና በኦሮምኛ መለሱላት።

ሁለቱም እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ዶሮዋ አመለጠች አልኩና ወጣሁ። እውነትም አምልጣ ነበር።

ረቡዕ

ሸራው መስኮቱን ግማሹን ብቻ ከድኗል። ማን እንደተሸነፈ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ

አሁን ሌሊት ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሲስተር ግፊቷን ለካችና ዳግመኛ ለካች። ሦስተኛ አልለካችም። ከፍ ብሏል። ሰአዳ፣ «ራሴን ትንሽ ነው፣ ዓይኔም ብዥ አለ» አለች፣ ሰው ላለማስቸገር ዓይነት አነጋገር። ሲስተር መድኃኒት ወጋቻት። አምቡላንስ ከነቀምቴ እንዲመጣ ደወለች። ዝናቡ እንደ እሑዱ ነው። የማዶ ሰዎች ድልድዩን ውኃ እንደበላው ደውለው ነገሩን። እማማ ዘይነባ ይህን ሰሙ። ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዱዓ ማድረግ ጀመሩ።

ምጡ ከአምቡላንሱ ቀደመ። ማዋለጃው ከዚህ ቤት ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በእግሯ ሄደች፤ በአንድ ወገን አማቷ፣ በአንድ ወገን ሲስተር፣ ከኋላ እኔ ጃንጥላ ይዤ። ጃንጥላው ለእኔ ብቻ እንደዋለ የገባኝ በሩ ፊቴ ላይ ሲዘጋ ነው።

ስንት እንደቆየ አላውቅም። ምንም የማደርገው የለም። ንድፍ፣ ጥናት፣ ቀርከሃ፣ ሁሉም ከንቱ ሆነብኝ። ሲስተር አንዴ ለጨርቅ ወጣች፤ ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። ሮጬ አመጣሁላት።

ከዚያ ልጅ አለቀሰ።

ሴት ናት። እናቲቱም ደህና ናት፤ ግፊቱ መውረድ ጀምሯል፣ ሲስተር ግን እስከ ነገ ዓይኔን አላነሣም ብላለች። አምቡላንሱ ደርሶ ሾፌሩ እማማ ዘይነባ ዘንድ ገንፎ በልቶ ተመለሰ። ሲስተር ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ወንዙ ማዶ ብትሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ቤቱ ነው ያዳናት? መደቡ? ሲስተር? ዕድል? ፕሮጀክቱ ሪፖርት ይፈልጋል፤ እኔ ግን አላውቅም። ሌላዋ ሴት ትመጣ እንደሆነም አላውቅም። ዋቀዮ ካለ።

ዓርብ

ሰአዳና ልጅቱ ወደ ቤቱ ተመለሱ። ግፊቷ ወርዷል፤ ሲስተር ዛሬ ተኝታለች፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳት ኦቦ ገመቹ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

ቀትር ላይ ዘበኛው ጠራኝ። አንድ ወጣት ደጅ ቆሟል፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ከራስ እስከ እግሩ ርጥብ። የሰአዳ ባል ሙሔ ነው። ምጥ ያዛት ሲባል ሰምቶ፣ ወንዙን ላይ ድረስ ዞሮ፣ ከትናንት ጀምሮ በእግሩ መጥቷል። ደህና እንደሆኑ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። «ወንድም» አለኝ፣ «እዚህ ወንድ ይገባል?»

አማት አሰብን፣ ዘበኛ አሰብን፣ የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር አሰብን። አባት የሚባል ነገር አንዳችንም አላሰብንም። ሰአዳ እያጠባች ነው፤ እማማ ዘይነባ ከውስጥ፣ «ሙሔ፣ አብሽር! ትንሽ ቆይ!» አሉ።

አግዳሚ አመጣሁለትና ክፈፉ ሥር አብረን ተቀመጥን። ክፈፉ አጭር ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ጉልበታችን ላይ ያርፋል። ይህንንም ማስተካከል አለብኝ ብዬ ሳስብ፣ ከውስጥ ሕፃኗ እኝ አለች፤ እንደ ማስነጠስ ያለች ትንሽ ድምፅ።

ሙሔ ወደ ግድግዳው ዞረ። ጆሮውን ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ።

ግድግዳው ስስ ነው። ሲሠራ ሲሚንቶ ቆጥበውበታል። ዛሬ ግን ለማንም አልናገርም።